ጉልቻ ቢለዋወጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፤ ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ አገር ፍቅር እንናገራለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው ስለ ምድጃ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፤ ምግብ ሳይበላ የሚውል እንደ ሆነ ብቻ ይፍረድብን።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። እውነት ነው፤ የወጥ ጣዕም የሚገኘው ከቅመሙና ከባለሙያዋ እጅ እንጂ ከጉልቻው አይደለም። ነገር ግን ጉልቻ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ሌላ ነገር አለ። እርሱም የወጥ ሠሪዋ ዓይንና ሳንባ፤ የልጃገረዲቱ የጥናት ሰዓት፤ የቤተ ሰቡም ገንዘብ ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ሙቀቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከእንጨቱ ኀይል ወደ ድስቱ የሚደርሰው ከዐሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የቀረው ግድግዳውንና አየሩን ሲያሞቅ ይጠፋል። የምናየውም ጭስ አብዛኛው በደንብ ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው። እንግዲህ ማድቤቱ በጭስ የተሞላ ሰው በገንዘቡ የገዛውን እንጨት በጣራው በኩል ሲያስወጣ ይኖራል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ አዲስ ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ቤተ ሰብ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፤ በዚህ ምድጃ የምንሠራው ምንድን ነው? ሁለተኛ፤ ማገዶው በክረምትም በበጋም ይገኛልን? የዓመቱስ ዋጋ ስንት ነው? ሦስተኛ፤ አጠገቡ የሚቆመው ማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ በአገራችን ልዩ ክብደት አለው። እንጀራ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ይፈልጋል። ከውጭ አገር የሚመጣው ትንሹ ምድጃ ለሻይና ለወጥ ቢበቃም ለእንጀራ አይሆንም። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአገራችን የተሠራው ለዚሁ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል፤ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዙሪያውን ይከልለዋል፤ ከኋላ በሚወጣው ሙቀትም ድስት መጣድ ይቻላል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን እስከ ግማሽ የሚሆን ማገዶ ያድናል። በዚያው ዘመን የወጣው ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ደግሞ ውስጡ ሸክላ ስለ ሆነ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

ስለ ከሰል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሰል ጭሱ ጥቂት ስለ ሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ሳይነቁ መቅረትን ያመጣል። ደግሞም አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ብዙ ኪሎ እንጨት ይነዳል፤ ዱሩ ከሚመነጠርባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

መብራት የገባለት ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገዛ ጭሱ ከቤቱ ይወጣለታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል መሆኑ ተነግሯል፤ ይህም ተስፋችንን አበርትቶታል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፤ ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ የባለሙያው ዋጋም ከምጣዱ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። እንዲህ ያለው ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል፤ ወላጆቻችን ይህን በታሪፉ አባዝተው ከእንጨቱ ሒሳብ ጋር ያስተያዩት። ደግሞም የቦካ ሊጥ መብራት እስኪመለስ አይጠብቅም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ምርጥ ምድጃውን በመጠባበቂያ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በብዙ ቤት ምድጃ የሚገዛው አንድ ሰው፤ ጭሱን የሚስበው ሌላ ሰው ነው። ገንዘቡን የያዘው ሰው ማድቤት ገብቶ ስለማያውቅ ራዲዮንና ወንበርን ያስቀድማል። ከመካከላችን ወንዶቹም ብንሆን ስለ ማድቤት የምንሰማው «ምሳ ደረሰ» ሲባል ብቻ ነው። እንጨት ለቀማ የሚላኩት ግን እኅቶቻችን ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ሸክም ተሸክማ የተመለሰች ልጅና ተኝቶ ያደረ ወንድሟ በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ፈተና ይፈተናሉ። ውጤቷ ዝቅ ቢል «ሰነፍ ናት» ከማለታችን በፊት የቤቱን ምድጃ እንመልከት።

ስለዚህ ወላጆቻችንን በትሕትና የምንለምነው ይህ ነው። ምድጃ ሊገዛ ሲታሰብ እናት ወይም እንጀራ ጋጋሪዋ አብራ ወደ ገበያ ትሂድ፤ ቁመቱንና ማገዶ መክተቻውን አይታ ትፍረድ። ለአንድ ሳምንት የሚነደው እንጨት ይመዘን፤ ዋጋውም ተጽፎ ይደመር፤ ድምሩ ከማንም ነጋዴ የተሻለ መካሪ ነው። ገንዘብ ያልበቃውም ቢሆን ደረቅ እንጨት ይጠቀም፤ በማድቤቱም መስኮትና የጭስ መውጫ ያብጅ፤ ሕፃናትንም ከእሳቱ ያርቅ።

እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በየቤታችን ሚዛኑን ለመያዝና ሒሳቡን ለመጻፍ ዝግጁዎች ነን። የተማርነው ትምህርት እናቶቻችን እስካሉበት ማድቤት ካልደረሰ ከደብተር አልወጣም ማለት ነው።