ወኪልና ባለርስት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ርስቱ የሚሟገትለት ነገረ ፈጅ ያቆመ ሰው ርስቱን ለነገረ ፈጁ አልሰጠም። ሥራውን በውክልና አሳለፈ እንጂ ባለቤትነቱን አልለቀቀም። ሕዝብም እንደራሴዎቹን ሲመርጥ ነገሩ እንዲሁ ነው ብለን እናምናለን። ዣን ዣክ ሩሶ ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1762 ባሳተመው መጽሐፉ የእንግሊዞች ነፃነት ከምርጫው ቀን አያልፍም ሲል ነቅፎአል። ታዲያ ሚሊዮኖች በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ሕግ ሊያወጡ አይችሉምና ምን ይበጃል?

ስዊስ ሁለቱን አጣምራ ይዛለች። ሕግ የሚያወጣው የተመረጠው ምክር ቤት ነው። ነገር ግን ከ1874 ጀምሮ ሕዝቡ የወጣውን ሕግ በድምፁ ሊመረምር ይችላል፤ ዛሬ በ100 ቀን ውስጥ 50,000 ፊርማ ከተሰበሰበ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ከ1891 ጀምሮም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ የሚያሻሽል ሐሳብ ከሕዝቡ ሊመነጭ ይችላል፤ ለዚህ ዛሬ በ18 ወር 100,000 ፊርማ ያስፈልጋል። ማሻሻያው የሚጸናውም የሕዝቡና የካንቶኖቹ አብላጫ ድምፅ በአንድነት ሲገኝ ነው። ስለዚህ እንደራሴው ሕግ ሲያረቅ ባለርስቱ እንዳልተኛ ያውቃል።

ሆኖም የድምፅ ብዛት ብቻውን ፍትሕን አይወልድም። በ1959 የስዊስ ወንዶች ለሴቶች የፌዴራል ምርጫ መብት ይሰጥ እንደ ሆነ ቢጠየቁ፥ ድምፅ ከሰጡት ከ100 67 ያህሉ እንቢ አሉ። መብቱ የተፈቀደው በ1971 ነው። በአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶን ደግሞ ወንዶቹ በ1990 እንኳ ሴቶችን ከካንቶኑ ጉባኤ ስለ ከለከሉ፥ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለሴቶቹ ፈረደላቸው። እንግዲህ «ሕዝብ ወስኖአል» ከማለት በፊት «ሕዝብ የተባለው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩ ከአገራችንም የራቀ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነት በተወካዮችም በቀጥተኛ ተሳትፎም እንደሚገለጽ፥ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። በጽሑፍ ያለ መብት ግን የሚሠራበት ሰው ይፈልጋል።

ልምዱን ከዚሁ እንጀምር። ማኅበራችን የመተዳደሪያ ደንቡን በሚያሻሽልበት በዚህ ወቅት፥ አባሎች ፈርመው የምክር ቤታችንን ውሳኔ ለጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚያቀርቡበት አንቀጽ እንዲገባ እንጠይቃለን። የመረጥናቸው ጓደኞቻችን ይህን እንደ ጥርጣሬ አይቍጠሩብን። ታማኝ ወኪል ባለርስቱ ሲጠይቀው ደስ ይለዋል።