በቆጥ ላይ የምታድር ደም መጣጭ፦ ማይትና የከሚሴ አካባቢ የቤት አእዋፍ



የዛሬው ርእስ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ አዳራሽ ቢቀርብ ኖሮ መነሻው በሽቦ ቤት ውስጥ የምትኖር ፊንች በሆነች ነበር። በዚያ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ከሚያሳድጓቸው ፊንቾች አንዷ፣ ሰውነቷ ሰማያዊ፣ የወንዱ ጉንጭ ደግሞ ቀይ ነጥብ ያለበት ትንሽ ወፍ፣ በእኛ አገር በነጻነት በየደጃፉ እህል ስትለቅም ትውላለች። በከሚሴ፣ በሰንበቴ ወይም በባቲ ቤተሰቡ የሚያኖረው ወፍ ዶሮ ነው። ስለዚህ የአእዋፍ ማይት ጉዳይ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሲነሣ የዶሮ ጉዳይ፣ ከዚያም አልፎ የእናቶች የእጅ ገንዘብ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

ማይት ነፍሳት አይደለችም፤ ስምንት እግር ያላት የመዥገር ዘመድ ናት። ብዙ ጊዜ ግን ከቅማልና ከቁንጫ ጋር ተደባልቃ ትጠራለች። ይህ መደባለቅ የስም ብቻ ቢሆን ባላሳሰበን ነበር፤ ዳሩ ግን ሕክምናውንም ያሳስታል። ቅማል ዕድሜዋን በሙሉ በዶሮዋ ገላ ላይ ስትኖር፣ ዴርማኒሰስ ጋሊኔ የተባለችው ቀይ ማይት ግን ቀኑን በቆጡ እንጨት ስንጥቅ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች፤ ጠግባም ወደ ስንጥቋ ትመለሳለች። ቀን ዶሮዋን ይዞ ላባዋን የሚገልጥ ሐኪም ምንም ላያገኝ ይችላል። ዶሮዋን ብቻ የሚያክም ሰው በሽታውን በቤቱ ትቶ ይወጣል ማለት ነው።

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ሙቀትና እርጥበት ሲገጥሙላት ማይቷ ከእንቁላል ተነሥታ ለመውለድ የሚበቃት አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሳትመገብም ለወራት ትቆያለች፤ በመሆኑም ቆጡን ለጥቂት ሳምንታት ባዶ ማድረግ ብቻውን አያጠፋትም። ታቃፊዋ ዶሮ ሌሊቱን ስትበላ አድራ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች፤ ጫጩቶችም ደም አጥሯቸው ይሞታሉ። ሰው ይህን አይቶ «ፈንግል ገባ» ይላል። ፈንግል ግን መንጋውን በፍጥነት ያጠፋል፤ የማይት ምልክት ቀስ በቀስ የሚገረጣ ኩክኒ፣ የሚቀንስ እንቁላልና ማታ ወደ ቆጥ ለመውጣት የምታመነታ ዶሮ ነው። ቤተሰቡ ከዶሮዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ካደረ ደግሞ ሰውንም ትነክሳለች፤ የልጆች ማሳከክ ምክንያቱ አንዳንዴ ከዚያ ይገኛል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከመሸ በኋላ ባትሪ አብርቶ የቆጡን እንጨት ከሥሩ ማየት ነው። የተጠቀለለ የካርቶን ቁራጭ በእንጨቱ ላይ አስሮ ከጥቂት ቀን በኋላ ቢፈቱት ማይቶቹ ውስጡ ተሰብስበው ይገኛሉ። ደም የጠጣች ማይት በጣት ስትዳመጥ ቀይ ትተዋለች። ለማረጋገጥ ናሙናውን ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ለከብት መዥገር የተሸጠ ዲያዚኖን በዶሮዋ ላይ መርጨት አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ለአእዋፍ እጅግ መርዛማ ነው፣ ዶሮዋም የምታድረው ሰው በሚተኛበት፣ እንቁላሏም የሚቀቀለው ለልጅ ነው። ይህ ስሕተት የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድና በቤልጅየም ይህችኑ ቀይ ማይት ለማጥፋት ፊፕሮኒል የተባለ፣ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ የተከለከለ መድኃኒት በዶሮ ቤቶች ተረጭቶ በሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቧል። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ፍሉራላነር በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሲሆን እንቁላል መጣልን አይጠይቅም፤ ለአምስት ዶሮ ባለቤት ግን የሚታሰብ አይደለም።

እኛ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? ቆጡ ተነቃይ ይሁን። በየሳምንቱ አውጥቶ የፈላ ውሃ ስንጥቆቹ ውስጥ ማፍሰስ፣ በፀሐይ ማድረቅ፣ ስንጥቁን በጭቃ መድፈን፣ ጎጆውን ጭድ ማቃጠልና መለወጥ፤ ይህ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፣ የተረፈው እንቁላል ይፈለፈላልና። ዶሮ በአመድ ውስጥ የምትንከባለለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደቃቁ ዱቄት የማይቷን የሰም ሽፋን አበላሽቶ ያደርቃታል። ስለዚህ በዝናብ የማይርስ የአመድ ጉድጓድ ማዘጋጀት እናቶቻችን ከሚያውቁት ብዙ አይርቅም። በአዳሚ ቱሉ አካባቢ የሚገኘው ዲያቶማይትም በዚሁ ስልት ይሠራል፤ ሲነሰነስ ግን አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። በጣሪያው ጠርዝ ያሉ ባዶ የዱር ወፍ ጎጆዎችም ይነሡ፤ ማይቷ በእነርሱም ትመጣለች።

የእግር እከክ ጉዳይ የተለየ ነው። ክኔሚዶኮፕቴስ የተባለችው ማይት በእግሯ ቅርፊት ሥር ስለምትኖር ሕክምናው በዶሮዋ ላይ ነው፤ እግሯን በሞቀ ሳሙና ውሃ አለስልሶ ቫዝሊን በተደጋጋሚ መቀባት አየር ያሳጣታል። ቅርፊቱን በጉልበት አትላጡ፤ ይደማል።

በከተማ ፊንች ለምታሳድጉ አንድ ቃል ልጨምር። በፊንች መተንፈሻ ውስጥ የምትኖር ሌላ ማይት አለች፤ ወፏ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ሌሊት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። አይቨርሜክቲን ይረዳል፤ ነገር ግን ክብደቷ ጥቂት ግራም ለሆነች ወፍ ለበግ የተዘጋጀውን መድኃኒት በግምት መስጠት ገዳይ ነው። መጠኑን ወፏን መዝኖ የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።