ከጉና እስከ ጣና፦ አንድ ውኃ
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጀልባው ጉዟችሁ ትንሽ አጫውተን» ብለውኛል። እኔም ትንሽ ብዬ ጀምሬ እንዳላስረዝመው ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ጥር ሰባት ሆነን ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሳን፤ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘን እስከ ጉማራ ወንዝ አፍ ለመድረስ ነው። ደብረ ታቦር ስንማር በፎገራ ሜዳ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ግን በአውቶብስ መስኮት፣ ግማሹን መንገድ ተኝተን። ጀልባው ቀስ ይላል። አንዳችን ብንቸኩል ባለጀልባው «ጣና እንደሆነ አይሸሽም» አለን።

መጀመሪያ ያገኘነው ቆራጣን ነው። ጋፋትንና ሴባስቶፖልን የማያውቅ የደብረ ታቦር ተማሪ የለም። የቆራጣን ነገር ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ባልደረቦቹ እዚህ ሰፍረው ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከማዶ ዘጌ። አብሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ያላቸው ሁለት ትልልቅ ጀልባዎች ከደንገል አሠርተው ነበር። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል ማለት ነው። ንጉሡ ለሐሳባቸው የተጠቀሙት በደጃቸው የበቀለውን ነው።

ቀጥሎ ጣና ቂርቆስ ነው፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ ዘመን አረፈችበት ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ደሴት። ተሳልመን አለፍን።

ጉማራ አፍ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ወንዙ ከደጋ ባመጣው ደለል ግራና ቀኝ ግድብ የመሰለ መሬት ሠርቶ፣ እንደ ቦይ ተዘርግቶ ወደ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ቦይ መካከል በዝምታ ስንቀዝፍ ጉማሬ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ አየን። ከሜዳው በኩል ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ይጮኻሉ። ሁላችንም ስልካችንን ረሳን።

ባለጀልባው ደለሉን እያሳየ «ይሄ የእናንተ አገር ነው» አለን። እውነቱን ነው። ጉማራ የሚነሳው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ነጭ ዓሣ የምንላቸው 15 ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱም ጉማራን ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል የሚጥሉ አሉ። ጊዜው የክረምቱ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ የሚያዘው እናቲቱ ናት። መረቡን ያለፈችውም ጠጠሩ በአፈር ተለብሶ ይጠብቃታል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። አባቴ የሚያርሰው ማሳ ድሮ ውኃ የሚተኛበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት ረግረግ ነበር። ሸሸርና ወለላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ይከተለዋል፤ የቀረውንም በሞተር ስቦ ሽንኩርት ያጠጣበታል። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝኳት የኪስ ገንዘብም ከዚያ ሽንኩርት የወጣ ነው። ስለዚህ «ገበሬው ረግረጉን አጠፋው» ሲባል አንገቴን እደፋለሁ። አባቴን ግን አልወቅስም፤ ሌላ ምን ነበረው?

በማግሥቱ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደን ታጠብን። አንዲት እናት «ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን። «ከጣና እየተመለስን ነው፣ እማማ» አልናቸው። «ታዲያ ከዚህ የሄደውን አፈራችንን አገኛችሁት?» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ግን መኪና ውስጥ ስንገባ ብዙ ሰው አላወራም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንቦጩም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ምዝገባው ብቻውን አልጠበቀውም፤ አረምን በእጅ መንቀል ብቻውንም አይበቃም። ሥራው ላይ ነው፤ ጉና ላይ፣ እርከኑ ላይ።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ስለ ጉማራና ስለ ፎገራ ተማሪዎቻችሁ የሚጽፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ አይቅሩ። በሁለት ገጽ አማርኛ ይጻፉና ለአባቴ ይነበቡለት። ይከራከራል፣ ግን ይሰማል። ጓደኞቼ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባችንን ከጉና ጀምረን በወንዛዬ አልፈን ጉማራ አፍ እንጨርሰው። ጀልባውንም ታንኳውንም ከአካባቢው ልጆች እንከራይ፤ ከረግረጉ መኖር ገቢ ያገኘ ሰው ረግረጉን ለማድረቅ አይቸኩልም።

ሰዓቴ አልቋል። አባቴ ሽንኩርቱን የሚተውበት ቀን እንዲመጣ ከፈለግን፣ በምትኩ ምን እንደምንሰጠው አብረን እናስብ።