አፈርን ማጠብና እጣቢውን ማጥራት
(በናይሮቢ፥ ኪሌሌሽዋ፥ ለመምህራን ጉባዔ የተደረገ ንግግር)




በቋንቋችን እርሳስ የሚለው ስም ለሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ተማሪ የሚጽፍበት ነው፤ ሁለተኛው ከባዱ ማዕድን ነው። መጻፊያው በውስጡ የያዘው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ ማዕድኑን አይደለምና በዚህ በኩል ለልጁ አያሰጋም። የዛሬው ንግግሬ ስለ ማዕድኑ ነው፤ ይኸውም በአፈር ውስጥ ሲገባ ስለሚያደርሰው ጉዳት፥ አፈሩ እንዴት እንደሚታጠብ፥ ይልቁንም እጣቢው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

እርሳስ አይበሰብስም፤ ከወደቀበት አፈር ጋር ተጣብቆ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ሕፃን ደግሞ መሬት ላይ ተጫውቶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ሕፃንና አዋቂ እኩል ቢውጡ የሕፃኑ አካል ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚበልጥ እርሳስ ይቀበላል፤ ከዚህ በታች ቢሆን አይጎዳም የሚባል ልክም አልታወቀም። ጉዳቱ በአእምሮ እድገት ላይ ስለሆነ፥ በክፍል ውስጥ ሰነፍ የምንለው ልጅ ምናልባት የተመረዘ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከኬንያ መውጣት አያስፈልገንም። በሞምባሳ፥ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው መንደር አጠገብ፥ ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ሥራ ጀምሮ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ ልጇ በእርሳስ መመረዙን ባወቀች ጊዜ ሕዝቡን አስተባብራ ተሟገተች፤ ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ፤ እርስዋም በ2015 የጎልድማንን የአካባቢ ሽልማት ተቀበለች። በ2020 የሞምባሳ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል፥ አፈሩና ውሃውም በ4 ወር ውስጥ እንዲጸዳ፥ ይህ ካልሆነ ለማጽጃ 700 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል ፈረደ። ጉዳዩም ከዚያ በኋላ በይግባኝ ወደ በላይ ፍርድ ቤቶች ሄደ። ፋብሪካ ሲዘጋ ግን እርሳሱ አብሮ አይሄድም።

እንዲህ ያለውን አፈር ቆፍሮ ወደ ሌላ ስፍራ መጣል የተለመደ ነው፤ ይህ ግን መርዙን ከአንድ ጎረቤት ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ሁለተኛው መንገድ ማጠብ ነው። ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል በውሃ ተበጥብጦ ከአፈሩ ጋር ሲናጥ፥ ባለ እጅ የጋለውን ብረት በጉጠት እንደሚይዝ፥ እርሳሱን ጨብጦ ከአፈሩ ያላቅቀዋል። ከዚያም አፈሩ በመጭመቂያ ተጨምቆ ይለቀለቃል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ይነሣል። ኢዲቲኤ በቶሎ የሚፈርስ አይደለም፤ እጣቢው ቢደፋ እርሳሱን እንደ ጨበጠ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ጉጠቱ ተከፍቶ የያዘውን መልቀቅ አለበት። በስሎቬንያ፥ በሉብልያና ዩኒቨርሲቲ፥ ፕሮፌሰር ዶመን ሌሽታንና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ዘዴ ይህን ያደርጋል። በመጀመሪያ በእጣቢው ውስጥ ኖራ ይጨመራል፤ የኖራው ካልሲየም በኢዲቲኤው ላይ የእርሳሱን ቦታ ሲይዝ እርሳሱ ይለያል። ቀጥሎ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ካልሲየሙ ጀሶ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ኢዲቲኤውም ከውሃው ተለይቶ ይሰበሰባል። ውሃውና ኢዲቲኤው የሚቀጥለውን አፈር ያጥባሉ፤ የጎደለው ብቻ ይተካል። ከ300 ዓመት በላይ እርሳስ ሲወጣበት በቆየው በሜዢትሳ ሸለቆ አጠገብ፥ በፕሬቫልዬ፥ ለማሳያ የሚሆን ማጠቢያ በዚሁ ዘዴ ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ድካምና ወጪ የሌለበት አይደለም። አሸዋማ አፈር በቀላሉ ይታጠባል፤ እንደዚህ እንደ ተሰበሰብንበት እንደ ኪሌሌሽዋ ያለው ቀይ ሸክላማ አፈር ግን በደቃቅ ቅንጣቶቹ እርሳሱን አጥብቆ ይይዛል፤ በውስጡ ያለው ብዙ ብረትም ኢዲቲኤውን ይሻማል። ማጠቡ ለተክል የሚጠቅሙትን ዚንክንና ማንጋኒዝን ጭምር ስለሚወስድ፥ አፈሩ ፍግ ሊሰጠው ይገባል። የተለየውም እርሳስ በጥንቃቄ የሚቀመጥበት ስፍራ ያሻዋል።

ስለዚህ ከማጠብ አስቀድሞ ማወቅ ይቀድማል። ትምህርት ቤታችሁ ከባትሪ ማቅለጫ ወይም ከአሮጌ አውራ ጎዳና አጠገብ ከሆነ፥ የመጫወቻውን አፈር በቤተ ሙከራ አስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ባዶውን መሬት በሣር አልብሱ፥ ልጆቹም ከምሳ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

በክፍልም እንዲህ አሳዩአቸው። ጨው ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በውሃ እጠቡና አጥልሉት። አሸዋው ሲነጻ ተማሪው ሥራው አለቀ ይላል። ያን ጊዜ «ጨው ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ውሃውንም በእሳት አትንኑትና ከድስቱ በታች የቀረውን ያሳዩት ዘንድ ጓደኞቹን ይጥራ።