ስለ ሠዓሊው ሆጋርት የወጣትነት ዘመን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የመጣነው በሥዕሉ የአገሩን ሰዎች ሲያስቅና ሲያሳፍር ስለ ኖረው ስለ እንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርት ነው። ስለ ዝናው ብዙ ተጽፏልና እርሱን እንተወው። እኛን የሚያስደንቀን ከየት እንደ ተነሣ ነው፤ የቀልዱ ምሬት ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ሆጋርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1697 ዓ.ም. በለንደን፤ በስሚዝፊልድ የከብት ገበያ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የላቲን መምህር ነበር። ይኸው ሰው ብዙ የደከመበት የላቲን መዝገበ ቃላት ሳይታተም ቀረበት። ኋላም ደንበኞቹ በላቲን የሚነጋገሩበት ቡና ቤት ከፈተ። (መምህሮቻችን ይቅር ይበሉንና፤ እንዲህ ያለ ንግድ ከመምህር በቀር የሚያስበው የለም።) ቡና ቤቱ ከሰረ፤ ሰውየውም በዕዳ ተይዞ ፍሊት በሚባለው ወህኒ ቤት ገባ፤ እስከ 1712 ድረስም አልተፈታም። ልጁ ከአሥር ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ያደገው በዚህ ውርደት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ በብር ዕቃ ላይ ዓርማ ከሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ለሥራ ልምምድ ገባ። የመሳፍንትን ዓርማ ሲቀርጽ መዋል ግን አሰለቸው። አባቱ በ1718 ሞተ፤ ለሞቱም ድካሙን የበሉበት መጻሕፍት ሻጮች ምክንያት እንደ ነበሩ ልጁ ያምን ነበር። በ1720 ገደማ የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ማታ ማታ የሥዕል ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። የሌሎችን ሥዕል መገልበጥ አይወድም፤ በመንገድ ያየውን ፊት በአእምሮው ይዞ ይመለሳል እንጂ።

በ1724 ራሱ ያሳተመው ሥዕል የለንደን ሰዎች ወደ ጭምብል ጭፈራና ወደ ጣሊያን ኦፔራ ሲጋፉ ያሳያል፤ ከፊታቸው አንዲት ሴት የሼክስፒርን መጻሕፍት እንደ ውዳቂ ወረቀት በጋሪ ትገፋለች። ሥዕሉ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። ወዲያው ሱቆቹ አስገልብጠው በግማሽ ዋጋ ሸጡት! የአባቱ ዕጣ በልጁም ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ልጁ እንደ አባቱ ዝም አላለም። በ1732 የአንዲት ጋለሞታን ሕይወት የሚያሳዩ 6 ሥዕሎቹን ሱቆቹን ትቶ አስቀድመው ለተመዘገቡ ገዢዎች በአንድ ጊኒ ሸጠ፤ ገዢዎቹም ከ1200 በላይ ነበሩ። ሌቦቹ ይህንንም ገለበጡት። እርሱም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለፓርላማ አመለከተና በ1735 የቀራጭን ሥራ ለ14 ዓመት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ስለ አባካኙ ጎረምሳ የሠራቸውን 8 ሥዕሎች ሕጉ እስኪጸና ድረስ ይዞ ቆይቶ በዚያው ቀን፤ ሰኔ 25፤ አወጣቸው።

ሆጋርት በጻፈው የሕይወት ማስታወሻ ስለ አባቱ እስራት አንድም ቃል አልተናገረም። ሰባተኛውን ሥዕል ግን ተመልከቱ፤ ቅጂው ጠረጴዛው ላይ አለ። ቦታው ፍሊት ነው። ጎረምሳው የጻፈውን ቴያትር የቴያትር ቤቱ ጌታ አልፈልግም ብሎ መልሶለታል፤ የወህኒው ጠባቂ ክፍያውን ይጠይቀዋል፤ የቢራ ልጅ ገንዘቡን ይጠብቃል። ከአጠገቡ ካለው ሌላ እስረኛ አንድ ወረቀት ወድቋል፤ ጽሕፈቱን ለማንበብ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። የመንግሥትን ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ አዲስ ዕቅድ ነው።