ከቀለሙ ሥር ያለው ሥራ

(በማኅበራችን የወላጆች ምሽት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ወደዚህ ወደ ቂርያት ማላኺ፣ ገዴራና ያቭኔ አካባቢ ከመጣችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ቢሆንም አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም፤ ሰማዩ ጸጥ አይልም። የሐጾርና የቴል ኖፍ የአየር ኃይል ሰፈሮች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጆቻችን ዕብራይስጡን ገና ሳያጠሩ የጀቱን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ጦር አውሮፕላን አይደለም። ሰው በገዛ ግቢው መጋዘን ውስጥ በእጁ ስለሚገጣጥማት ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስለ አንድ ሥራ ብቻ፣ ይኸውም ላሜራውን አዘጋጅቶ የመሠረት ቀለም ስለ መቀባት።

«ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ከእናንተ ወይም ከልጆቻችሁ መካከል ወደ ላሜራ፣ ወደ ብየዳ ወይም ወደ ቀለም ሥራ ቤት የሚገባ አይጠፋም። ሥራው የመኪና ይሁን የመስኮት ወይም የአውሮፕላን፣ የብረቱ ጠባይና የቀለሙ መርዝ ያው ነው። አውሮፕላን ግን ግዴለሽነትን ስለማይምር ነገሩ ሁሉ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በአገራችን ሳለን አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ የገበሬውን ሁሉ እርሻ ሲያቆሙ፣ የሚሰጣቸው ስም «ቡዳ» ነበር። ከዚህ የተነሣ ዛሬም ልጁ ወደ ብረት ሥራ ሲያዘነብል ፊቱ የሚጠቁር ወላጅ አለ። እዚህ አገር ላሜራ የሚገጥም ባለሙያ በምስክር ወረቀት የሚሠራ ሰው ነው፤ ልጃችሁ እጁ ከተቃና አትከልክሉት።

አውሮፕላን በእጅ መሥራትም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን በንጉሡ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተብላ በርራ ነበር። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2024 ተመልሳለች። በ2015 ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት፣ ብዙውን ዕቃ ከመርካቶ እየገዛ፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ በ570 ቀን አንድ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570 ኤ አላት፤ ኬ ያለው የእናቱን የኪሮስን ስም ይዞ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በፕሮፔለሩ ምክንያት ተቋረጠ። እኔ ግን ይህን ሰው የማደንቀው ስለ መብረሩ ሳይሆን 570 ቀን ስለ መታገሡ ነው።

አስመላሽ ዕቃውን ከየቦታው ለቃቅሞ ነው። በሌላው ዓለም አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከኪት ነው፤ አውሮፕላኑ ተበታትኖ በሣጥን ይመጣል። በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለው አውሮፕላን «በግል የተሠራ» ተብሎ እንዲመዘገብ ከሥራው የሚበዛው እጅ በግለሰቡ መሠራት አለበት። ስለዚህ ፋብሪካው ላሜራውን ቆርጦና በስቶ ይልካል፤ መግጠሙ የባለቤቱ ነው። በኦሪገን ያለው የቫንስ ኩባንያ ከሸጣቸው ኪቶች ተሠርተው የበረሩት ከ11 ሺህ በላይ ናቸው። በአንዲቱ ብቻ ከ10 ሺህ የማያንስ ሪቬት ይመታል። ለሪቬቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በአየር በሚሠራው መዶሻ ይመታል፣ ሌላው በስተኋላ የብረት ድጋፍ ይዞ ይቆማል። ወናፍ የሚነፋና መዶሻ የሚያነሣ ሰው ሳይነጋገሩ እንዴት እንደሚግባቡ ያየ ይህ አያስቸግረውም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። የአውሮፕላን ቆዳ የሚሠራበት ላሜራ ብዙውን ጊዜ 2024 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ከመቶው አራት እጅ ያህል መዳብ አለበት። መዳቡ ያጠነክረዋል፣ ነገር ግን ቶሎ የሚበላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በሁለቱም ፊት ንጹሕ አሉሚኒየም በስሱ ያለብሰዋል፤ አልክላድ ይሉታል። «አሉሚኒየም አይዝግም» ስንል የኖርነው ድስቱን አይተን ነው። እንደ ብረት አይቀላም እንጂ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። የሚጀምረውም ልብሱ ከተገፈፈበት ነው፤ ከተቆረጠው ጠርዝ፣ ከተበሳው ቀዳዳ፣ ከተጫረው ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ላሜራ በላሜራ ላይ ከተደረበበት፣ ዓይን ከማይደርስበት።

ኤፕሪል 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በአየር ላይ ሳለ የጣራው ቆዳ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት አስተናጋጅ ሞተች፤ ፓይለቶቹ አውሮፕላኑን በተአምር አሳረፉት። መርማሪዎች ሲያዩት ላሜራዎቹ የተደረቡበት ማጣበቂያ ለቅቆ፣ ዝገት ገብቶ፣ በሪቬቶቹ ዙሪያ ስንጥቅ ተያይዟል። አውሮፕላኑ ዕድሜውን ያሳለፈው በባሕር አየር ውስጥ ነበር። የእኛም ባሕር ከያቭኔ ሩቅ አይደለም፤ በቤኤር ቱቪያም መኪናችሁን ሌሊት ደጅ ብታሳድሩ ጠዋት በጤዛ ርሳ ታገኟታላችሁ።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። ክፍሎቹ መጀመሪያ በጊዜያዊ መያዣ ተገጥመው ይለካሉ፤ ከዚያ እንደገና ይፈታሉ። የተቆረጠው ጠርዝና እያንዳንዱ ቀዳዳ በሞረድና በመላጊያ ሹሉ ይነሣለታል። ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ ስታስኬዱ የሚይዛችሁ ከሆነ አላለቀም፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከእንዲህ ያለ ጥርስ ነው። በላሜራው ላይ በእርሳስ ምልክት አይደረግም፤ በእርሳሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት አሉሚኒየሙን ያስበላዋል። በቀጭን የቀለም ብዕር ይጻፋል። በብረት ሱፍም አይታሽም፤ የብረቱ ብናኝ ተሰክቶ ይቀርና እዚያው ይዝጋል።

ቀጥሎ መታጠቡ ይመጣል። ቅባቱ በማጽጃ ይወጣል፣ ፊቱ በሻካራ ማሻ በስሱ ይሻክራል፣ እንደገና በውኃ ይለቀለቃል። እዚህ ላይ የማከብራት አንዲት ፈተና አለች። ውኃውን ስታፈሱበት እንደ አንድ ወጥ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ እንደ ዶቃ ከተንጠባጠበ ቅባት አለበትና ትመለሳላችሁ። ምንም መሣሪያ አትፈልግም፣ ማንበብም አትፈልግም። ከዚህ በኋላ ላሜራውን በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ላብ ጨውና ቅባት ነው። ሳይውል ሳያድር በዚያው ቀን ይቀባል።

የሚቀባው ፕራይመር ነው፤ በዕብራይስጥ «ጼቫ የሶድ»፣ የመሠረት ቀለም ማለት ነው። ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀልበት ከሆነ ልኩ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነው፤ በዓይን ግምት አይጨመርም። ስሱ ይሁን፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ። ሲወፍር የተሻለ የሚመስላቸው አሉ፤ የሚያተርፉት ክብደትና መላላጥ ነው። አልክላድ የለበሰውን ጨርሶ አንቀባም የሚሉ ገጣጣሚዎችም አሉ፤ በደረቅ አገር ለሚኖር ሰው ምክንያታቸው ያስኬዳል። እኔ በዚህ ጠረፍ ብሆን እቀባለሁ። በደንብ ያልተቀባ ግን ካልተቀባ ይብሳል፤ ቀለሙ እርጥበቱን ከሥሩ ደብቆ ይይዘዋል። ቫንስ ራሱ በ2023 መጨረሻ ከዕዳ ለመጠበቅ ፍርድ ቤት ሲገባ ከገለጻቸው ችግሮች አንዱ፣ በከፊል ተገጣጥመው የተሸጡ ኪቶች ፕራይመር መበላሸቱ ነበር።

ስለ ሳንባችሁ ደግሞ ቆም ብዬ ልናገር። ከድሮ ጀምሮ ለአውሮፕላን የሚመረጠው ቢጫ-አረንጓዴ ፕራይመር ክሮሜት አለበት። ዝገትን በመከላከል እጅግ የታወቀ ነው፤ ብናኙና ርጭቱ ግን የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ በሕክምና የተረጋገጠ ነው። አሮጌ ቀለም ስትፍቁም ያው ብናኝ ይወጣል። ክሮሜት የሌለባቸው አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ጠረናቸውና ማጠንከሪያቸው ቆዳና መተንፈሻ ያስቈጣሉ፤ በአንዳንዱ የላይ ቀለም ማጠንከሪያ አስም የያዛቸው ሠራተኞች ብዙ ናቸው።

የወረቀት ማስክ ብናኝ ይይዛል እንጂ ጠረን አይዝም። ለርጭት የሚያስፈልገው ግራና ቀኝ ማጣሪያ ያለው፣ ከፊት ጋር ገጥሞ የሚዘጋ ማስክ ነው። ጢም ያላችሁ አባቶች ይህን ልብ በሉ፤ በጢም ላይ አይዘጋም፣ አየሩ በጎን ይገባል። ለእናንተ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት የራስ መሸፈኛ ጠይቁ።

መጠየቅ ልመና አይደለም። በዚህ አገር በ1997 የወጣው ደንብ መከላከያውን አሠሪው እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ በ1999 የወጣው ደግሞ ስለ አደጋው ለሠራተኛው እንዲያስረዳና ሠራተኛው መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። እኛ ግን ዕብራይስጡ ሳይገባን «ኬን፣ ኬን» እያልን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ እርሱም እንደ ተረዳን ቈጥሮ ያስፈርመናል። ያልገባችሁን ወረቀት ሳትፈርሙ ወደ ቤት ይዛችሁ ኑ፤ በቤታችሁ ከትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አለ፤ ከሌለም ወደ ማኅበሩ ቢሮ አምጡት።

እናቶች፣ የሚከተለው ለእናንተም ነው። የሥራ ልብሱ በሥራ ቦታ ይውለቅ። ወደ ቤት ከመጣም ለብቻው ይታጠብ፤ ከሕፃን ልብስ ጋር ወደ ማሽን አይግባ። አባት እጁንና ፊቱን ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ። ከሥራ የተረፈ አኳራጅ ወይም ማጠንከሪያ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ቤት አይምጣ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል። ከጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባልና። ወዲያው 101 ደውሉ፣ ጠርሙሱንም ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።