ከኋላዋ ዓይን የተሳለባት ላም
(ለገበሬዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንበሳና ስለ ነብር ነው። «ስለ አውሬ ምን ወሬ አለው፤ ሲመጣ መግደል ነው እንጂ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ነብር ጥጃችንን ከደጃፍ ወስዶ በላብን። ላሚቱም ጥጃዋን ብታጣ ወተቷን ነሳችን። እናቴ ያን ዓመት ለገበያ የምታወጣው ቅቤ አልነበራትም። አባቴ በንዴት ከተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ጣለ። ነብሩ ይሙት አይሙት አላየንም። ሞተው ያገኘናቸው የጎረቤታችን ውሻና ሁለት ጥንብ አንሳዎች ናቸው።

ስለዚህ «አውሬ ውደዱ» ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ከብቱም ሳይበላ አውሬውም ሳይጠፋ መኖር ይቻል እንደሆነ፣ ተመራማሪዎች የሞከሩትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ ነው።

በመጀመሪያ አውሬው እያለቀ መሆኑን እንወቅ። በመላው አፍሪካ በዱር የቀረው አንበሳ ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ቢሆን ነው። አቦሸማኔ ደግሞ 7 ሺህ ገደማ ነው። ጫካው ታረሰ፤ የሚያድነው የዱር እንስሳ ተመናመነ። ሲርበው ወደ ከብት ይመጣል፤ ከብት ሲበላ ደግሞ በጥይትና በመርዝ ይገደላል።

በአገራችንም በቋራ በኩል፣ ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሃንስ ባወር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ አውሬ ሲያልፍ ራሱን በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ካሜራ ተከሉ። አንበሳው ሌሊት ሲያልፍ ተነሳ፤ ዱካውም ታየ። በአልጣሽና ከድንበሩ ማዶ ባለው በዲንደር ፓርክ በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሳይኖር አይቀርም ብለው ገመቱ። በዓለም ዙሪያ «ያልታወቀ አንበሳ ተገኘ» ተባለ። የአካባቢው ሰው ግን መቼ ጠፍቶበት ያውቃል!

«ቢጠፋስ ምን ይጎዳናል?» ትሉ ይሆናል። በጋና የሆነውን ስሙ። በዚያ አገር ፓርኮች አንበሳና ነብር ሲጠፉ ዝንጀሮ በዛ። ነብር ዝንጀሮ አዳኝ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ዝንጀሮው በየማሳው ሰብል ያወድም ጀመር። ማሳ የሚጠብቅ በመታጣቱ ልጆች ከትምህርት ቤት እስከ መቅረት ደረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቦትስዋና የምትባል በደቡብ አፍሪካ በኩል ያለች አገር አለች። ሕዝቧ ከብት አርቢ ነው። ኦካቫንጎ በሚባለው ወንዝ አካባቢ አንበሳ በከብቱ ላይ ያስቸግራል። ኒል ጆርዳን የተባሉ ተመራማሪ አንድ ቀን አንበሳ አንዲት የሜዳ ሚዳቋ ላይ ሲያደባ ያያሉ። ሚዳቋዋ ዞር ብላ አንበሳውን አየችው። አንበሳውም ማደኑን ትቶ ሄደ። አንበሳና ነብር የሚያድኑት አድብተው ነው። «ታይቻለሁ» ካሉ ብዙ ጊዜ ይተዉታል። በህንድ ሱንዳርባንስ በሚባለው ጫካም እንጨት ቆራጮች ታይገር የሚባለውን ትልቅ አውሬ ለማታለል፣ የሰው ፊት ያለበት ጭምብል በማጅራታቸው ያስሩ ነበር።

ታዲያ ሰውየው «ላሚቱ ከኋላዋም ዓይን ቢኖራትስ?» ብለው አሰቡ። ስፖንጅ በዓይን ቅርጽ ቆርጠው፣ ቀለም እየነከሩ፣ ከጅራቷ ግራና ቀኝ እንደ ማኅተም መቱ። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ወይም ጥቁርና ቢጫ ነበር። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር እውነት መሆኑ የሚታወቀው ሲመዘን ነው። ማዳበሪያ ስትሞክሩ ከማሳችሁ አንዱን ፈር ማዳበሪያ ታደርጉበታላችሁ፤ አንዱን ትተዉታላችሁ፤ ከዚያ ታስተያያላችሁ። እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንበሳ ካጠቃቸው 14 መንጋዎች ውስጥ በ4 ዓመት 2,061 ከብት መረጡ። በ683ቱ ላይ ዓይን ሳሉ። በ543ቱ ላይ እንዲሁ የመስቀል ምልክት ብቻ አደረጉ። 835ቱን ምንም አልቀቧቸውም። መስቀሉ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ አውሬውን የሚያሸሸው ዓይኑ ይሁን ወይስ ቀለሙ ብቻ እንዲለይ ነው።

አሁን ፊደልም ቁጥርም የምታውቁ ናችሁና ውጤቱን ራሳችሁ አንብባችሁ ፍረዱ። ካልተቀቡት 15 ተበሉ። መስቀል ካለባቸው 4 ተበሉ። ዓይን ከተሳለባቸው አንድም አልተበላም። ይህ በ2012 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። መስቀሉም ቢሆን ትንሽ መርዳቱ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን አስገርሟል።

በሌላ ቀበሌ ይህን ስናገር አንዲት እናት ብድግ ብለው፣ «አንበሳው ስዕል መሆኑን የነቃ ዕለትስ ምን ይውጠናል?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ጠይቀዋል። አውሬው ከጊዜ በኋላ ሊለምደው ይችላል ብለዋል። ደግሞም በመንጋው ውስጥ ያልተቀባ ከብት ነበረ፤ አውሬው ወደዚያ ዞሮ ይሆናል። ሁሉም ቢቀባ ምን እንደሚሆን ይህ ጥናት አልሞከረውም። ስለዚህ ያላቸውን ከብት ሁሉ ሳይሆን፣ ይበልጥ የሚሳሱላቸውን ለይተው ቢቀቡ ይሻላል ብለው መከሩ። ቀለሙም መታደስ አለበት፤ በጥናቱ አንዱ ዙር 24 ቀን ነበር።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስለ ጅብ ጠየቁኝ። ጅብ አድብቶ ሳይሆን አባርሮ የሚይዝ ስለሆነ ዓይኑን አይቶ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም።

ይህን ደግሞ ልብ በሉ። በቦትስዋና ከብቱ ሌሊት ሌሊት አውሬ በማይጥሰው በረት ያድር ነበር። ዓይኑ የተሞከረው ቀን፣ ከብቱ ያለ እረኛ ተሰማርቶ ሲግጥ ነው። በእኛ አገር እረኛ አለ። አጥራችሁ የላላ ከሆነ ግን የኋላ ዓይን ከመሳላችሁ በፊት እሾሁን ጨምሩበት። በእኛ ቤት ጥጃዋ የተበላችው ከደጅ ታስራ ነው፤ በረቱ ባዶ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።